ሰው የሚያጎነብስበት መስኮት

የልጆቼ አባት ይማምዬ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃንም ያድርግልህ።

ከተለየኸኝ ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ተኝቷል፤ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይወርድና የቧንቧ ውሃ ሰፈርን ቤቶች አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። በሩ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። አዎ፣ እኔው ራሴ። አንተ እያለህ ስሜን እንኳ በጭንቅ ነበር የማሰፍረው፤ ካለፍክ በኋላ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ጨረስኩ። ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ መስመሩም ወደ ላይ ይወጣብኛል። ግድ የለም፤ አንተ በሰው ጽሕፈት የምትስቅ ሰው አልነበርክም።

ልጆቹን ላስቀድም። ከድጃ ኮምቦልቻ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ በፈረቃ ትሠራለች። ባሏ ደግ ሰው ነው። ሴት ልጅ ወልዳ በእናትህ ስም ሀዋ ብላታለች። ሰይድ ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ወደ ሰሜን እንደተላከ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል። ከሶላት በኋላ እጄን ስዘረጋ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእሱ ስም ነው። ጣራው ማፍሰሱን ትቷል፤ የከድጃ ባል መጥቶ ቆርቆሮውን ቀየረልኝ። ጎረቤታችን እማማ ብርቄም ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። እሳቸው ፍልሰታን ሲጾሙ እኔ በፊታቸው አልበላም፤ እኔ ረመዳንን ስጾም ደግሞ ለማፍጠሪያ የሚልኩልኝ አያጡም።

ፒያሳ ያለችው ሱቅህ ተዘግታለች። ንግድ ፈቃዱ በአንተ ስም ስለነበር አላደሱልኝም፤ የሐዘን ወራቴን፣ ዒዳዬን ጨርሼ ስወጣ ቁልፉን አስረከብኩ። አሁን የጆንያ ማከማቻ ናት። በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንብኝ በማዶው ጥግ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የማልፈው።

ዛሬ ልጽፍልህ የተነሳሁት ግን ሌላ ነገር ልነግርህ ነው። እኔም ሻጭ ሆኜ ነበር፣ ይማም። በቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ገብቼ ሠራሁ። ከዚያም ተባረርኩ። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

ይህን ብትሰማ ጢምህን እየዳበስክ ትስቅ ነበር። በአሻሻጥህ ነገር ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅን ታውቀዋለህና።

መጀመሪያ ያየሁህ ከእናቴ ጋር የዒድ ልብስ ልንገዛ የመጣን ቀን ነው። ከገራዶ በእግራችን ስለመጣን እስከ ባታችን ጭቃ ነበርን። ከአንተ በፊት የገባንበት ሱቅ ባለቤት ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው እግራችን ላይ ነው፤ እናቴ አየችውና ቃል ሳትናገር መለሰችኝ። አንተ ግን ከባንኮኒው ዞረህ ወጣህ። ለእናቴ በርጩማ አቀረብክላት። ስለ ዝናቡ ጠየቅሃት፣ ስለ ከብቱ ጠየቅሃት፤ ምን ልትገዛ እንደመጣች ግን አልጠየቅሃትም። እኔ ሰማያዊ አበባ ያለበት ጨርቅ ጫፉን ነካ ሳደርግ፣ «የቤት ውስጥ ብርሃን ይዋሻል፤ ደጅ አውጪና በፀሐይ እዪው» አልከኝ። ሳንከፍል ጨርቁን ይዤ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ መሰለኝና መለስኩልህ። ፊትህ አልተለወጠም። ሌላ አወረድክልኝ፣ እሱንም ደጅ አወጣሁት።

ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ፣ «ይኼ ልጅ ወይ ሞኝ ነው ወይ ጨዋ ነው» አለች። አንተ ሽማግሌ ስትልክ ግን ጨዋ ነው ብላ ፈቀደች።

አግብቼህ ሱቁን ከውስጥ ሳየው ነገርህ ሁሉ ያናድደኝ ጀመር። ጨርቅ ስትለካ አትወጥረውም፤ እንደ ወደቀ ነው የምትለካው። «እንዲህ ከሆነ ቤቱ ሄዶ ሲለካው አያጥርበትም» ትለኛለህ። ባላገር የገዛውን ስትቋጥርለት በአንድ እጅ ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ ነው። ምክንያቱን ብጠይቅህ፣ ሰውዬው ጨርቁን የሚፈታው ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያየ ነው፣ በዚያ ሰዓት ቢላዋ ፍለጋ መሯሯጥ የለበትም አልከኝ። ከሁሉም ያበሸቀኝ ግን ማጠፍ አለመውደድህ ነበር። ሰው ገብቶ አሥራ ምናምን ዓይነት ጨርቅ አስወርዶ፣ አንዱንም ሳይገዛ ሲወጣ፣ አንተ ከበር እስኪርቅ ድረስ እጅህን አታነሳም።

«ለምን ቶሎ አታጥፈውም? ባንኮኒው ገበያ መሰለ እኮ» ስልህ፣

«ያልገዛ ሰው ፊት ጨርቅ ማጠፍ፣ ውጣ ማለት ነው» አልከኝ።

እኔ ደግሞ ቂም ነበረኝ። ለገበያተኛ የምታወጣውን ትዕግሥት ሁሉ እዚያው ጨርሰህ ቤት ስትመጣ ቃል አይወጣህም ነበር። እራትህን ትበላለህ፣ ሶላትህን ትሰግዳለህ፣ ዝም። አንድ ቀን ተናድጄ፣ «እኔም ነገ መጥቼ ሁለት ሜትር ካኪ ልግዛ እንዴ፣ እንድታናግረኝ?» አልኩህ። በማግስቱ ሱቁን ዘግተህ ለምሳ መጣህ። ከዚያ በኋላ ምሳህን ከእኔ ጋር ሳትበላ የዋልክበትን ቀን አላስታውስም።

በአንዱ ምሳ ላይ ነው የአጎትህን ነገር የነገርከኝ። ልጅ ሆነህ በአጎትህ ሱቅ ስትሠራ ነው። አንድ ሰው ገብቶ አቡጀዲ ገዛ። አጎትህ እንደ ነጋዴ ሁሉ ጨርቁን ሲያቀብለው፣ «በደስታ ልበሰው» ብሎ መረቀው። ሰውዬው ትንሽ ቆሞ፣ «አሚን» አለና ወጣ። አቡጀዲው ለከፈን እንደነበረ፣ የሞተውም የሰውዬው ልጅ እንደሆነ የሰማችሁት ከሰዓት በኋላ ቀብር ሲወጣ ነው። «እኔን ያሳዘነኝ ምርቃቱ አይደለም፤ አሚን ማለቱ ነው» አልከኝ። «ሻጩን ላለማሳፈር ብሎ ነው። በሐዘኑ ላይ ሌላ ሸክም ተሸከመ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ጨርቅ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ፊቱን ታያለህ። ለከፈን ሲሆን ጨርቁን በእጅህ አትቀደውም፤ ያ ድምፅ ለሐዘንተኛ ሊሰማ አይገባም ብለህ በመቀስ ቀስ አድርገህ ትቆርጠዋለህ። ምርቃትም አትመርቅም። ዝም ብለህ እስከ በሩ ትሸኘዋለህ።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ሰማሁ እንጂ መቼ ያስፈልገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደረትህ ታምሞ ሱቁን መክፈት ያቃተህ ጊዜ፣ አልጋህ አጠገብ ሆኜ ስለ ልጆቹ እንጂ ስለ ሱቁ አንድም አልጠየቅኩህም። አንተም አልነገርከኝም።

እንግዲህ መሠረተ ትምህርቱን እንደጨረስኩ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ለኅብረት ሱቁ ሻጭ አድርጎ አቀረበኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወጣት ነው፤ «ባለቤትሽ ነጋዴ ነበር፣ አንቺ ግን አሁን የሕዝብ አገልጋይ ነሽ» አለኝ። እሺ አልኩ። ሒሳቡን የሚይዘው አያሌው የሚባል ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው።

ኅብረት ሱቁን አንተም ታውቀዋለህ፣ አሮጌው የወረዳ መጋዘን ነው። ሲሸጥ ግን አላየህም። መሸጫው በፍርግርግ ብረት የተከለለች ትንሽ መስኮት ናት። የሠራት ሰው ከውስጥ ተቀምጦ ለሚሸጠው ነው ያሰበው፤ ከውጭ ላለው በጣም ዝቅ ያለች ናት። ስለዚህ ወረፋው የደረሰው ሁሉ ያጎነብሳል። ሽማግሌው ያጎነብሳል፣ ነፍሰ ጡሯ ታጎነብሳለች። እኔ ከውስጥ የሚታየኝ እጅ ብቻ ነበር። አያሌው የቤት ቁጥር ይጠራል፣ የራሽን ካርድ የያዘ እጅ ይገባል፣ ስኳር ወይም ሳሙና የያዘ እጅ ይወጣል። አብሬያቸው የኖርኩትን ሰዎች ፊታቸውን ሳላይ ስሸጥላቸው ዋልኩ።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን እማማ ብርቄ ወረፋ ደረሳቸው። ሲያጎነብሱ ነጠላቸው ጭቃው ላይ ወደቀ። ሳሙናቸውን ተቀብለው እዚያው ቀሩ፤ ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«እማማ ብርቄ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው በመስኮቷ።

«ማጎንበሱንስ አጎነበስኩት» አሉኝ፣ «የሚያቃናኝ አጣሁ እንጂ።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። እናቴ እግሯ ጭቃ እንደሆነ አንተ ባቀረብክላት በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ታየችኝ።

በማግስቱ መስኮቷን ዘጋሁና ጠረጴዛውን ገፍቼ በሩ ላይ አቆምኩት። አያሌው፣ «ሰው ዘሎ ቢገባስ እትዬ ዘሀራ?» እያለ ተንቆራጠጠ። ማንም አልገባም። ሰው ቆሞ ገዛ፤ እኔም ፊት አየሁ። ቀጥሎ ሚዛኑን አዞርኩት። ድሮ መርፌው ወደ ሻጩ ነበር የሚያየው፤ ሰው አጎደሉብኝ እያለ የሚጨቃጨቀው ስለማያየው ነው። መርፌውን ወደ ገዢው ሳዞረው ጭቅጭቁ አብሮ ቀረ ብልህ ታምነኛለህ? ያው ስኳር፣ ያው ሚዛን ነው። ከዚያም ደግሞ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ ሲደርስ «አልቋል» መባሉን መቋቋም አቃተኝ። ብዙው ሰው አያነብም፣ ማስታወቂያ ብለጥፍ ምን ይረባል። ስለዚህ ስኳር የሌለ ቀን ባዶውን የስኳር ጆንያ በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ከመንገዱ ጥግ ሲያዩት ተመልሰው ቤታቸው ይገባሉ። አንዷ ሴት፣ «አላህ ይስጥሽ፣ ዛሬ እግሬን መለስሽልኝ» አለችኝ፤ ምንም ሳልሸጥላት ተመረቅኩ።

የቤት ቁጥሩንም ተውኩት። አያሌው ከዝርዝሩ ቁጥሩን ያነብልኛል፣ እኔ ግን ጮክ ብዬ የምጠራው ስም ነው። የማላውቀውን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹ ይደነግጡ ነበር፤ በዚህ ዘመን በቀበሌ በር ላይ ስሙ ሲጠራ የማይደነግጥ ማን ነው? ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። «አቤት» እያሉ ይመጡ ጀመር።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ግን ተያዝኩ። ከእኛ ግቢ ያንተን ረጅም አግዳሚ አስመጥቼ ከበሩ ጎን፣ ከጣራው ሥር አኖርኩት። ሊቀመንበሩ መጥቶ አየው።

«ይኼ ምንድነው ጓድ ዘሀራ?»

«መቀመጫ ነው። ለአሮጊትና ለነፍሰ ጡር።»

«መቀመጫ ካለ ሰው ይቀመጣል» አለ። «ከተቀመጠ ያወራል። ምን እንደሚያወራ ደግሞ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ወንበሩን አነሳሁት፤ ምን ላድርግ። እውነቱን ለመናገር እሱም ፈርቶ ነው፣ ከእሱ በላይ ያሉትን። በማግስቱ እማማ ብርቄ ከቤታቸው በርጩማ ይዘው መጡና ሰልፉ ውስጥ ቁጭ አሉ። ሊቀመንበሩ ሲያልፍ ቀና ብለው፣ «የራሴ ነው ልጄ፣ የመንግሥት አይደለም» አሉት። መንገዱን ቀጠለ። ሳምንት ሳይሞላ ሰልፉ ግማሹ በርጩማ ላይ ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍልህም፤ አንተ ሳታየው መሄድህን አንዳንድ ቀን እንደ ጸጋ እቆጥረዋለሁ። ከየገጠሩ የወጣው ሰው መንገድ ዳር አደረ። ማሳ የነበራቸው፣ በዒድ ሰንጋ የሚያርዱ የነበሩ ሰዎች፣ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ቡትቶ ለብሰው ተኝተው አየሁ። ስማቸውን የሚጠራቸው አልነበረም።

አንድ ጠዋት አንድ ገበሬ መጣ። ጠና ያለ ነው፤ ጥምጣሙ ንጹሕ ነበር፣ እግሩ ግን ተሰነጣጥቋል። ሰልፍ አልገባም፤ ሁሉም ገዝቶ እስኪሄድ ከግድግዳው ጥግ ቆመ። ከዚያ ቀረበ።

«አሰላሙ አለይኩም እታለም። አቡጀዲ ይኖራል?»

አያሌው ከውስጥ ሆኖ፣ «የቤት ቁጥር?» አለ።

«ቤት የለኝም፣ ልጄ።»

«ካርድስ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ አይቻልም። ለነዋሪ ብቻ ነው የሚሸጠው።»

ሰውዬው «እሺ» አለ። እሺ አለ እንጂ አልሄደም። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። አንተ ያስተማርከኝን ነው ያደረግኩት፣ ይማም፤ ፊቱን ባላየው ኖሮ አቡጀዲ ፈላጊ ብቻ ነበር። ከጠረጴዛው ዞሬ ወጣሁና ከጆንያዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። ውሃ በጣሳ ሰጠሁት። ግማሹን ጠጣ፤ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ፣

«ለባለቤቴ ነው» አለኝ። «ከፒያሳ ጀምሬ ያልጠየቅኩት ሱቅ የለም፤ ሁሉም ጨርቅ የለም ይላሉ። መስጊድ ግቢ ውስጥ ናት። ሰዎቹ አጥበዋታል። የምትለብሰው ነው የጠፋ።»

ለከድጃ ልጅ አንሶላ ይሆናል ብዬ ሳልወስደው የቆየሁት የአቡጀዲ ድርሻ ነበረኝ። ካርዴን አውጥቼ ለአያሌው ሰጠሁት።

«በእኔ ስም ጻፈው።»

«እትዬ ዘሀራ፣ ለውጭ ሰው እኮ ክልክል ነው። እኔንም ታስጠይቂኛለሽ።»

«ለአንተ የሚታይህ የዘሀራ ካርድ ነው፣ የዘሀራ ድርሻ ነው። ጻፈው።»

ጻፈ። እኔ ጨርቁን ዘርግቼ ሳልወጥር ለካሁት። መቀሱ ደንዝዟል፤ ቢሆንም አልቀደድኩትም፣ ቀስ እያልኩ ቆረጥኩት። ዕቃ የምንጠቀልለው በጋዜጣ ነበር፤ በዚያ ፎቶና መፈክር መሐል ልጠቀልላት አልፈለግኩም። የራሴን ሻሽ ፈትቼ፣ ፎጣ ተከናንቤ፣ በሻሹ ቋጠርኩለት። በአንድ እጅ የሚፈታ ቋጠሮ። ምንም አልመረቅኩትም። እስከ መንገዱ ሸኘሁት።

መንገዱ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «ማን ልበል ስምሽን?» አለኝ።

«ዘሀራ።»

«የማን ቤት?»

«የይማም።»

«እንግዲህ ዘሀራ፣» አለኝ፣ «አላህ ይማምን ያቆይልሽ። እኔ ያጣሁትን አያሳጣሽ።»

እኔም «አሚን» አልኩት።

ሌላ ምን እላለሁ? ሞቷል ብዬ ሐዘኑ ላይ ልጨምርበት ነው? መስጊዱ ወዳለበት ቁልቁል ሲሄድ እያየሁት ቆምኩ። ያ አጎትህ ሱቅ የገባ ሰው ያን ቀን ምን ተሰምቶት እንደነበር ገባኝ። አንተ ሸክም ነው ብለህ ነበር። እኔ ግን ልንገርህ፣ ሸክም ብቻ አልነበረም። ለአንድ አፍታ፣ በዚያ ሰው አፍ፣ አንተ በሕይወት ነበርክ።

ነገሩ አልተደበቀም። አያሌው ራሱ ለቀበሌው ተናገረ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢናገር እሱ እንደሚታሰር አስቦ ነው። ሳምንት ሳይቆይ ቀበሌው አዳራሽ ተጠራሁ። ያን ጠዋት ከቤት ስወጣ ቁልፉን ለእማማ ብርቄ ሰጥቼ፣ ካልተመለስኩ ኮምቦልቻ ለከድጃ እንዲልኩባት ነግሬ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ቁልፉን ተቀብለው አብረውኝ መጡ፤ ደጅ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

ሊቀመንበሩ መሐል ነበር፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት በግራና በቀኝ።

«ድርሻ የሚሰጠው ለነዋሪው ራሱ እንዲጠቀምበት ነው» አለኝ። «ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወንጀል እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አስተላለፍሽ?»

«ለሕያው ሰው አላስተላለፍኩም» አልኩት። «ለብሳው የተቀበረች ናት።»

ከኮሚቴዎቹ አንዱ፣ ሽበታሙ፣ አንገቱን ደፋ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ። ሊቆጣ የሚፈልግ መሰለኝ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለበላይ ባስተላልፈው እስር ነው። እዚሁ ይቅር። ቁልፉን አስረክቢና ቤትሽ ግቢ» አለኝ። አስረከብኩ። የሱቅ ቁልፍ ሳስረክብ ይህ ሁለተኛዬ ነው።

ስወጣ እማማ ብርቄ ፊቴን አዩ። በርጩማቸውን አንስተው ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ክንዴን ያዙኝ። ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም፣ ቤት ገባን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አዘንኩ። ለእንጀራዬ ብቻ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ወደ ውስጥ ተመልሶ መስኮቷ ተከፈተች ሲሉኝ ነው ሆዴ የባሰው። ከድጃ መጥታ ወሰደችኝ። በሐረጎ ቁልቁለት ስንወርድ ከአውቶቡሱ መስኮት ደሴን ዞሬ አላየኋትም። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ለእጄ ቁርጥማት ደግ ነበር፤ ሀዋን እያቀፍኩ ከረምኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ጣቴን ይዛ አትለቅም፤ ይህች ጠባይ የአንተ ናት። ቢሆንም ቤቴ ናፈቀኝና ተመለስኩ።

በተመለስኩ ሰሞን አንዲት ልጅ በሬን አንኳኳች። አልማዝ ትባላለች፤ በእኔ ቦታ የተቀጠረችው ሻጭ ናት። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ገና ትምህርቷን የጨረሰች። ሻይ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም።

«እትዬ ዘሀራ፣ ሰዎቹ አስቸገሩኝ» አለችኝ።

«ምን ሆኑ?»

«የቤት ቁጥር ስጠራ አይመጡም። ይሰሙኛል፣ ያዩኛል፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንዲት አሮጊት፣ ‹ቁጥር የተጻፈው በሬ ላይ ነው፤ ሂጂና በሬን ጥሪው› አሉኝ። ሁሉም ሳቁብኝ። ስማቸውን እርስዎ ያውቁታል ብለው ነው ወደዚህ የላኩኝ።»

አሮጊቷ ማን እንደሆኑ አልጠየቅኳትም፤ አንተም አትጠይቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ትቀመጣለች። ስም እነግራታለሁ። ማን መስማት እንደሚቸግረው፣ ማን በግራ እጁ እንደሚቀበልና ነውር አድርጋ እንዳትቆጥርበት፣ ባሏ የታሰረባት ሴት «ባለቤትሽስ?» ተብላ እንዳትጠየቅ። ስለ ጨርቅ አለካክም፣ ስለ ነጭ ጨርቅም ነገርኳት። ከማን እንደተማርኩት ስትጠይቀኝ ስለ አንተ አወራኋት፤ ሳወራላት ጀንበሯ ጠለቀች። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ጋሽ ይማምን ባውቃቸው ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ስኳር መጥቷል ተባለና እኔም እንደ ማንም ነዋሪ ካርዴን ይዤ ተሰለፍኩ። ጠረጴዛው ተመልሶ በሩ ላይ ነበር። እንዴት ሊቀመንበሩን እንዳሳመነችው አላውቅም፤ ጠይቄያትም ሳቀች እንጂ አልነገረችኝም። እማማ ብርቄ ከፊቴ በርጩማቸው ላይ ናቸው። በእኛ ቀበሌ ዘሀራ የምንባል ሴቶች ሁለት ነን፤ አንደኛዋ ከታች ሰፈር የእንድሪስ ሚስት ናት። ወረፋዬ ሲደርስ አልማዝ ከዝርዝሩ ቀና አለች፤ ከሁለታችን ማንን እንደምትጠራ ሰው እንዲለየው ብላ ነው መሰለኝ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ዘሀራ፣ የይማም!» አለች።

አራት ክረምት ሙሉ ስምህን በአደባባይ ማንም ጠርቶት አያውቅም ነበር። በዱዓ እንጂ፣ በለቅሶ እንጂ፣ እንዲህ ለሰው እንደሚጠራ ስም፣ ከመንገድ ዳር፣ በቀን ብርሃን። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እማማ ብርቄ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ይማምዬ፣ ሐውልት አላቆምኩልህም፤ ቀብርህ ላይ ያለው ድንጋይ አንተው እንደምትወደው ተራ ድንጋይ ነው። የምገባልህ ቃል አንድ ነው። ዕድሜዬ እስኪያልቅ፣ በየትም ደጅ፣ ስምህ በተጠራ ቁጥር ዝም አይባልም። እኔ አለሁ። ያን ቀንም እንባዬን ውጬ፣ ካርዴን ከፍ አድርጌ፣

«አቤት» አልኩ።

የአንተው፣
ዘሀራ